ማዮት፦ እርዳታው የማን፣ ሥልጣኑስ የማን?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 14 ቀን 2024 ቺዶ የተባለው አውሎ ነፋስ በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በማዮት ደሴት ላይ ወርዶ በኮረብታዎቿ ጎን በቆርቆሮ የተሠሩትን መንደሮች ጠራርጎ ወሰደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ወደ ሥፍራው ደረሱ። ውሃና መብራት ተቋርጦባቸው ቀናት ያሳለፉ ነዋሪዎች በቁጣ በጮሁባቸው ጊዜ ፕሬዚዳንቱ፣ ፈረንሳይ ባትኖር ኖሮ ከዚህ አሥር ሺህ ጊዜ የከፋ መከራ ውስጥ በወደቃችሁ ነበር ሲሉ መለሱላቸው። የተናገሩበት ቃል በፈረንሳይኛው ከዚህ ይበልጥ ጸያፍ ስለነበረ በዚህ ገጽ ልንደግመው አይገባም።

ብዙዎች ይህን መልስ እንደ አንድ ቁጡ ሰው ስድብ ቆጥረው አልፈውታል። እኛ ግን ከዚያ በላይ ክብደት እንሰጠዋለን። አንድ ታላቅ መንግሥት ከዋና ከተማው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትገኝ ደሴት እርዳታ ሲሰጥና ሥልጣኑን ግን ከራሱ ዘንድ ሲያስቀር ምን ዓይነት ግንኙነት እንደሚፈጠር ያ አንድ ዐረፍተ ነገር አጋልጦታል። በፓሪስ ጎዳና የሚኖር ዜጋ ቤቱ በጎርፍ ቢወሰድ ካሣና መጠለያ መብቱ ነው፤ ፈረንሳይ ባትኖር ኖሮ ብሎ የሚገሥጸው ባለሥልጣን የለም። የማዮት ሰው ግን በሕግ ዜጋ ተብሎ ሳለ ከአውሎ ነፋስ ማግሥት እንደ ተመጽዋች አመስግን ይባላል።

ጉዳዩን ለመረዳት ወደ ታሪኩ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ መካከል አራት ደሴቶች አሉ፤ ግራንድ ኮሞር፣ አንዡዋን፣ ሞሄሊና ማዮት። አራቱ በአንድነት የኮሞሮስ ደሴቶች ይባላሉ። በአገራችን ብዙ ሰው የኮሞሮስን ስም የሰማው በኖቬምበር 1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ በግራንድ ኮሞር ዳርቻ ባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ ነው፤ ወገኖቻችንን ከውሃው ለማውጣት ቀድመው የደረሱት የዚያው ዳርቻ ሰዎች ነበሩ። የአራቱ ደሴቶች ሕዝብ በእምነት እስላም ነው፤ በጋብቻና በንግድም ለብዙ መቶ ዓመታት ተሳስሮ ኖሯል።

ፈረንሳይ ማዮትን የያዘችው በጦርነት ሳይሆን በግዢ ነው። በ1841 ከማዳጋስካር ሸሽቶ በደሴቲቱ ላይ ገዥ የሆነው አንድሪያንትሱሊ በዓመት 5 ሺህ ፍራንክ የሚከፈለው ጡረታ ተቆርጦለት ደሴቲቱን አስረከበ። ለማዮት የተሰጠው የመጀመሪያው የፈረንሳይ ገንዘብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለሕዝቡ ሳይሆን ለአንድ ስደተኛ ንጉሥ ኪስ የገባ የሽያጭ ዋጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የስኳር አገዳ ከበርቴዎች መጡ። ባርነት በ1846 በአዋጅ ሲሻር ነፃ የወጣው ሰው እጁ ላይ መሬት አልነበረውም። ሌሎቹ ሦስት ደሴቶች በ1886 በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ወደቁ፤ በ1912 አራቱም ከማዳጋስካር ጋር ተቀላቀሉ፤ በ1946 ደግሞ ተነጥለው ለብቻቸው የሚተዳደሩ አንድ ግዛት ሆኑ። ይህ ነጥብ መያዝ ይኖርበታል፤ አራቱን ደሴቶች አንድ አስተዳደር አድርጋ ያዋቀረችው ፈረንሳይ ራሷ ነች።

በዲሴምበር 22 ቀን 1974 የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። በአራቱ ደሴቶች ከተሰጠው ድምፅ 95 በመቶ የሚጠጋው ነፃነትን ደገፈ። በማዮት ግን ከመቶው 60 የሚበልጠው ተቃወመ። ሕዝበ ውሳኔውን የፈቀደው የፈረንሳይ ሕግ ስለ ኮሞሮስ ሕዝብ ሳይሆን ስለ ኮሞሮስ ሕዝቦች የሚናገር ነበር፤ አንዲት የብዙ ቁጥር ምልክት ተጨምራ በሯ ሆን ተብሎ ገርበብ እንደተደረገ ያኔ ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነበር። የፈረንሳይ ፓርላማ በጁላይ 1975 አዲስ ሕግ አውጥቶ የወደፊቱ ሕገ መንግሥት በየደሴቱ ለየብቻ መጽደቅ አለበት ሲል ወሰነ። የደሴቶቹ መሪ አህመድ አብደላ ይህ መከፋፈል ነው በማለት በጁላይ 6 ቀን 1975 ነፃነትን በራሳቸው አወጁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚያው ዓመት ኮሞሮስን ከአራቱም ደሴቶች ጋር በአባልነት ተቀበለ። በፌብሩዋሪ 1976 ጉዳዩ ለጸጥታው ምክር ቤት ሲቀርብ ፈረንሳይ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ አከሸፈችው፤ በዚያው ሳምንት በማዮት ሌላ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ ከመቶ 99 የሚበልጥ ድምፅ አገኘሁ አለች። ጠቅላላው ጉባኤ በኦክቶበር 1976 ያንን ሕዝበ ውሳኔ ዋጋ ቢስ ሲል አወገዘ። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ለማዮት ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ደሴቲቱ የኮሞሮስ አካል መሆኗን በየስብሰባው ሲያስተጋባ ኖሯል።

የውሳኔዎቹ ወረቀት በመዝገብ ቤት ሲከማች እርዳታ ሥራውን ይሠራ ነበር። ፈረንሳይ ነፃነት ከታወጀባቸው ከሦስቱ ደሴቶች ገንዘቧንና ባለሙያዎቿን ባንድ ጊዜ አስወጣች፤ ሐኪሙም፣ አስተማሪውም፣ የሒሳብ ሹሙም ሄደ። ነፃነት በታወጀ በወሩ ቦብ ዴናር የተባለው ፈረንሳዊ ቅጥር ወታደር የተሳተፈበት የመንግሥት ግልበጣ ተካሄደ። ይኸው ሰው በ1978 ተመልሶ መጥቶ የቀድሞ ተባባሪውን አሊ ሷሊህን አስወግዶ፣ በ1975 የገለበጣቸውን አህመድ አብደላን ወደ ሥልጣን መለሰ። በ1995ም እንደገና ሞከረ። አንዲት ነፃ አገር ከበጀቷ ላይ እርዳታው በአንድ ቀን ተነቅሎ፣ ቤተ መንግሥቷ በቅጥረኞች እየተደፈረ፣ ከዚያ በኋላ ድህነቷ የነፃነት ውድቀት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብባት፣ ማስረጃውን ማን እንደ ፈበረከው መጠየቅ ያሻል።

ሆኖም እዚህ ላይ ብናቆም ለአንባቢያችን ግማሽ እውነት ማቅረብ ይሆንብናል። የኢምፔሪያሊዝምን ሸር አጋልጦ የሕዝቡን ምርጫ ሳይመረምሩ ማለፍ በእኛ ወገን ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደ ድክመት ነው። የማዮት ሕዝብ በ1974 ነፃነትን የተቃወመው በጠመንጃ ተገዶ አይደለም። በ2009ም ደሴቲቱ የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር እንድትሆን በቀረበው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው ውስጥ 95 በመቶው ደግፏል። ይህ ሕዝብ ለምን ሩቁን መረጠ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ብሂል የማያውቅ ሆኖ ነውን?

መልሱ ያለው በሞሮኒ ነው። የኮሞሮስ ደሴቶች ገና በፈረንሳይ ሥር ሳሉ በ1961 የውስጥ አስተዳደር ነፃነት አግኝተው ነበር። ያ ራስ ገዝ አስተዳደር ግን የወደቀው በግራንድ ኮሞርና በአንዡዋን ታላላቅ ቤተሰቦች እጅ ነው። ዋናው ከተማ ከማዮት ከዛውድዚ ተነሥቶ ወደ ግራንድ ኮሞር፣ ወደ ሞሮኒ እንዲዛወር በ1958 ተወስኖ በስድሳዎቹ ዓመታት ተፈጸመ። መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ደመወዙም አብሮ ሄደ፤ ደመወዙ ሲሄድ የዛውድዚ ሱቅ፣ የልብስ ሰፊው መኪና፣ የምግብ ሻጯ ድስት ሁሉ ሥራ ፈታ። ባሎቻቸው ሥራ ያጡ፣ ጉልቷ የቀዘቀዘባቸው የማዮት ሴቶች በዘና ምዴሬ መሪነት ተነሡ። ከሞሮኒ የሚመጣውን ሹም ከበው እየኮረኮሩ ከደሴቱ እስከ ማባረር ደረሱ፤ በታሪክም ኮርኳሪዎቹ ተብለው ይጠራሉ። ሰው በኩርኮራ መንግሥት ሲቃወም ማየት ያስቃል፤ ጥያቄያቸው ግን የእንጀራ ጥያቄ ነበር። ፈረንሳይ ይህን ቅሬታ አልፈጠረችውም፤ ተዘጋጅቶ አገኘችው።

ስለሆነም የማዮትን ሕዝብ ከሃዲ የሚሉትን አንቀበልም። ከፓሪስ የተቀበለውን የውስጥ ነፃነት በዚያች ደሴት ላይ እንደ ጌትነት የተጠቀመበት የሞሮኒ ገዥ መደብ በማዮት መለየት ውስጥ ድርሻው ከፈረንሳይ ድርሻ እምብዛም አያንስም። ሥልጣን ከሩቅ ማዕከል ወደ ቅርብ ማዕከል መተላለፉ ብቻውን ሕዝቡ ዘንድ መድረሱን አያሳይም።

አሁን ደግሞ የተመረጠው ዕቃ ምን እንደሆነ እንመልከት። ማዮት በማርች 31 ቀን 2011 የፈረንሳይ 101ኛ ክፍለ ሀገር ሆነች። በ2014ም የአውሮፓ ኅብረት አካል ተባለች። ስፋቷ 374 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ነዋሪዋ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ነው። ከነፃዋ ኮሞሮስ ጋር ሲነጻጸር የነፍስ ወከፍ ገቢዋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ትምህርት ቤቷና ሆስፒታሏም ከሞሮኒ ይሻላል። ነገር ግን የፈረንሳይ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው በ2018 ከነዋሪዎቹ 77 በመቶው የሚኖሩት ከአገሪቱ የድህነት መስመር በታች ነበር። በ2017 የሕዝብ ቆጠራ ከአሥር ቤቶች አራቱ የቆርቆሮ፣ ሦስቱ የቧንቧ ውሃ የሌላቸው ነበሩ። በ2023 ድርቅ በጠና ጊዜ ቧንቧ ያለውም ቢሆን ውሃ የሚያገኘው ከሦስት ቀን በአንዱ ሆኖ ነበር፤ የዓለም ሰባተኛ ኢኮኖሚ የሚባለው መንግሥት የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም በቂ ግድብና የባሕር ውሃ የሚያጣራ በቂ ጣቢያ ለአንዲት ትንሽ ደሴት አላቆመላትም ማለት ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? ሠራተኛው አንባቢያችን ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ከፓሪስ የሚላከው ዩሮ በአብዛኛው የሚገባው በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ መልክ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ በላይ 40 በመቶ ይጨመርለታል። ከደሴቲቱ ምርት ግማሽ ያህሉ የመንግሥት አገልግሎት ነው። ያ ደመወዝ የሚወጣው ደግሞ ከባሕር ማዶ በመርከብ በሚመጣ ሸቀጥ ላይ ነው። በአንድ ወቅት ለውጭ ገበያ ይቀርቡ የነበሩት የኢላንግ ኢላንግ ሽቶ አበባና የቫኒላ እርሻ ተዳክመዋል፤ ወደ ውጭ የሚሸጠው ከሚገባው ጋር አይወዳደርም። ዩሮው በአውሮፕላን ገብቶ በመርከብ ይወጣል፤ በመካከል የሚያተርፈው አስመጪው ነው። ጥሎ የሚያልፈው ነገር ቢኖር የዋጋ ንረት ነው።

ደሴቲቱ ክፍለ ሀገር ከሆነች ገና ዓመት ሳይሞላት በ2011 መጨረሻ ወራት ሠራተኛው የኑሮ ውድነትን ተቃውሞ ከአንድ ወር በላይ ሥራ አቆመ፤ መንገድም ዘጋ። የትግሉ ምልክት የሆነው በአካባቢው ማባዋ የሚባለው የዶሮ ክንፍ ነበር። ከአውሮፓ በረዶ ሆኖ በካርቶን የሚመጣ የዶሮ ክንፍ የድኻው ዋነኛ ሥጋ ሆኖ ሳለ ዋጋው አልቀመስ አለ። ዶሮ ማርባት የሚችል ደሴት የዶሮ ክንፍ ከሌላ አህጉር እየገዛ ለዋጋው ድንጋይ ይወረውራል፤ የእርዳታ ኢኮኖሚን ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ እስካሁን አላገኘንም።

የእኩልነቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በማዮት ለሥራ አጥና ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የሚሰጠው የማኅበራዊ ድጎማ በፈረንሳይ ዋና ምድር ከሚሰጠው ግማሽ ሆኖ ቆይቷል፤ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለልም ለዓመታት ከዋናው ምድር ያንስ ነበር፤ የሸቀጡ ዋጋ ግን ያይላል። በማዮት የሚሰጥ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ በፓሪስ አይሠራም፤ ፈቃዱን የያዘ ሰው በራሷ በፈረንሳይ ውስጥ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ ሌላ ፈቃድ ያሻዋል። በ2018 ከዚያም በ2025 የወጡ ሕጎች በደሴቲቱ ተወልዶ ዜግነት ማግኘትን ከሌላው የፈረንሳይ ምድር ይበልጥ አጥብቀውታል። ክፍለ ሀገር መሆን ማለት አንድ ሕግ ማለት ነው ተብሎ ነበር የተነገራቸው። ራስ ገዝነቱን በእኩልነት ለውጠው ሰጡ፤ እኩልነቱ ግን በክፍያ ቀጠሮ ላይ ነው።

ባሕሩን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ከአንዡዋን እስከ ማዮት ያለው ርቀት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ 1995 ድረስ የአንዡዋን ሰው ማዮት ያለችውን እኅቱን ለመጠየቅ፣ ለሰርግና ለለቅሶ፣ ሸቀጥ ለመሸጥ ያለ ቪዛ ይመላለስ ነበር። በዚያ ዓመት በጃንዋሪ የባላዱር መንግሥት ቪዛ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ክዋሳ ክዋሳ በተባሉ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች በሌሊት ይሻገራል። የፈረንሳይ ሴኔት በ2012 ያወጣው ሪፖርት ከ1995 ወዲህ በዚያ ጠባብ ባሕር ያለቀውን ሰው ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ ይገምተዋል። ግምቱን ያወጣው የኮሞሮስ መንግሥት ወይም የእኛ ጋዜጣ ሳይሆን የፈረንሳይ ሴኔት መሆኑ ልብ ይባል። በደረሱት ላይ ደግሞ አፈሳው አለ፤ በበርካታ ዓመታት ከ20 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከዚች ደሴት ተባርሯል። በ2017 ቆጠራ ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው በወረቀት የውጭ ዜጋ ነበር። አብዛኛው ከአጎራባቾቹ ደሴቶች የመጣ፣ አያቶቹ ከማዮት ሰው አያቶች ጋር የተጋቡ ሰው ነው።

በ2018 የኮሞሮስ መንግሥት የተባረሩትን አልቀበልም ብሎ እንደ ነበር ይታወሳል፤ ፈረንሳይም ለኮሞሮስ ዜጎች ቪዛ መስጠት አቆመች። በጁላይ 2019 በፓሪስ ስምምነት ተፈረመና 150 ሚሊዮን ዩሮ ለኮሞሮስ ልማት ተመደበ፤ በለውጡ ኮሞሮስ ጀልባዎቹን ከዳርቻዋ እንድትቆጣጠር ተስማማች። በሰነዱ ላይ ትምህርትና ጤና ተጽፏል። የገንዘቡ ውል ግን ዘበኛ ከሚቀጠርበት ውል ምን ያህል እንደሚለይ አንባቢ ይፍረድ። ነፃዋም ሆነች ያልተላቀቀችው በአንድ ገመድ ታስረዋል፤ ልዩነቱ የገመዱ ርዝመት ላይ ነው።

የሞሮኒ ስሕተት በማዮት ብቻ አልቆመም። በ1997 አንዡዋን ከኮሞሮስ ተነጥያለሁ ብላ አወጀች፤ ከዚህም አልፋ ወደ ፈረንሳይ ልመለስ ስትል ጠየቀች። ደመወዝ ለወራት ያልተከፈለው አስተማሪ፣ መድኃኒት ያጣው ክሊኒክ፣ ማዶ በማዮት የሚታየው የመብራት ብርሃን ሕዝቡን የገፉት ኃይሎች ነበሩ። ፈረንሳይ አልተቀበለችም፤ ማዮት ብቻዋን በቂ ወጪ ነበረች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ለዓመታት ከሸመገለ በኋላ በ2001 በጸደቀው ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ደሴት የራሱን ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት እንዲመርጥ፣ የኅብረቱም ፕሬዚዳንትነት በደሴቶቹ መካከል በተራ እንዲዞር ተወሰነ። ይህ በእኛ አስተያየት በነዚያ ደሴቶች ታሪክ ከታዩት ሁሉ የተሻለው ሐሳብ ነበር፤ በ1961 ቢደረግ ኖሮ የማዮት ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ተራው በችግርም ቢሆን ሠራ። አንዡዋን ላይ እምቢ ያለውን መሪ ለማስወገድ በማርች 2008 የአፍሪካ ኅብረት ጦር መላክ አስፈልጎ ነበር፤ ታንዛኒያና ሱዳን ወታደር አዋጡ። በ2018 ግን በፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒ ዘመን ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ አንድ ሰው በተከታታይ ሁለት ዘመን እንዲቆይ ተፈቀደ፤ ተራ ይጠብቅ የነበረው ደሴት ተራው ተገፋበት። ማዮትን ተመለሺ የሚል መንግሥት የገዛ ደሴቶቹን ድርሻ ሲያጠብ፣ የማዮት ሰው ምን ብሎ ይመልስለት?

እርዳታና ራስ ገዝነት አብረው አይሄዱም የሚል ክርክር በፓሪስም በሞሮኒም ይሰማል። ከሰሜን አትላንቲክ አንድ ምሳሌ ይህን ያፈርሰዋል። በዴንማርክ ሥር ያሉት የፋሮ ደሴቶች ሕዝባቸው ከማዮት እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ ከ1948 ጀምሮ የራስ ገዝ አስተዳደር አላቸው። ዴንማርክ በ1973 ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ ስትገባ እነርሱ የዓሣ ባሕራቸውን ለሌላ ላለማጋራት ከውጭ ቀሩ። ከኮፐንሃገን ድጎማ ይቀበላሉ፤ ሆኖም ዓሣውን የሚያጠምደው፣ ቀረጡን የሚጥለው፣ ሕጉን የሚያወጣው የራሳቸው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከጊዜ ወደ ጊዜ ድጎማው ከበጀታቸው የሚይዘውን ድርሻ ሊቀንሱት ችለዋል። የዘጠናዎቹ ዓመታት የባንክ ኪሳራ ክፉኛ ቢመታቸውም ቋሚ ጥገኛ አላደረጋቸውም። ፋሮ የነጭ ደሴት ነው፣ ማዮት የጥቁር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እኛም ያ ልዩነት ምንም አይደለም አንልም።

ከቺዶ በኋላ የፈረንሳይ ፓርላማ በ2025 ማዮትን መልሶ ለማቋቋም አዲስ ሕግ አወጣ። በስድስት ዓመታት ውስጥ ወደ 4 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ፣ እስከ 2031 ድረስም የማኅበራዊ ድጎማ እኩልነት ተስፋ ተሰጥቷል። ተስፋው ቢፈጸም እኩልነቱ የሚመጣው አንድሪያንትሱሊ ደሴቲቱን በጡረታ ካስረከበ ከ190 ዓመት በኋላ ይሆናል። በዚያው ሕግ ውስጥ የቆርቆሮ መንደሮችን ማፍረስ የሚያቀልሉና በስደተኛው ላይ የሚጠብቁ አንቀጾች ይገኛሉ። በዚያው ዓመት በአፕሪል በአንታናናሪቮ በተካሄደው የሕንድ ውቅያኖስ ኮሚሽን የመሪዎች ጉባኤ ላይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ማዮት በኮሚሽኑ ውስጥ ቦታ ይኑራት ብለው ጠየቁ። ኮሞሮስ ተቃወመች። ወንበሩን የጠየቀው ፓሪስ፣ የከለከለው ሞሮኒ ነው፤ በሎንጎኒ ወደብ የዶሮ ክንፍ ካርቶን የሚያወርደው ሠራተኛ ሐሳቡን የተጠየቀበት ስብሰባ ግን በአጀንዳው አልነበረም።